ስሙን የሚናገር አይሮፕላንና ስሙን የሚሰውር አይሮፕላን

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚያዘግም መንገደኛ፣ የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሽንዲ የምትገለጥለት በበቆሎና በበርበሬ ማሳዎች መካከል ነው። ለዚህ አገር ሰው ሰማይን ማንበብ ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው፤ ገበሬው ደመናው ከየት ወገን እንደ ተነሣ አይቶ ዘሩን ይዘራል ወይም እጁን ይሰበስባል፣ እረኛው የፀሐይን ማዘቅዘቅ ተመልክቶ ከብቱን ወደ በረት ይመልሳል፣ ደብተራውም በባሕረ ሐሳብ ቀመር የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስማምቶ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ያወጣል። ከእነዚህ ጥንታውያን የሰማይ ምልክቶች ጋር ግን ከመቶ ዓመት ገደማ ወዲህ አንድ ሌላ ምልክት ተጨምሯል፤ እርሱም በሰው እጅ ተሠርቶ በደመና መካከል የሚያልፈው አይሮፕላን ነው። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ከታች የቆመው ሰው ቀና ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ በየዘመኑ ያው ነው፦ የማን ነው? ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ምንስ ይዟል? ይህች ጽሑፍ የእነዚህን ጥያቄዎች ታሪክ፣ ይኸውም ሰው በመጀመሪያ በጆሮው፣ ኋላም በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት የሚያልፈውን ክንፍ ማንነት ለማወቅ የደከመበትን መንገድ፣ በዘመን ቅደም ተከተል ትተርካለች።

የኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያውን አይሮፕላን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን አይሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ባረፈ ጊዜ፣ የአገሪቱ አይሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩና ባለቤታቸውም አንድ መንግሥት ስለ ነበረ፣ «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አያስቸግርም ነበር። ይሁን እንጂ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ በመንግሥት ላይ ካመፁት ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋር ጦርነት በተደረገ ጊዜ፣ የመንግሥት አይሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ እያንዣበበ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ቃል የታተመበት ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ያገራችን ሰው ከሰማይ የሚወርደው ነገር ቃልም እሳትም ሊሆን እንደሚችል፣ ከመውረዱም አስቀድሞ የትኛው እንደ ሆነ መለየት የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን ተረዳ።

ጥያቄው እጅግ የከበደው በፋሽስት ወረራ ዘመን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በመትረየስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ታተመ። ከአንቺም ጦርነት በኋላ ልክ ስድስት ዓመት በሞላበት ዕለት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በማይጨው ታላቁ ውጊያ ተደረገ፤ ወደ አሸንጌ ሐይቅ ያፈገፍግ የነበረውንም ሠራዊት አይሮፕላኖች ተከትለው በቦምብና በመርዝ ፈጁት። በዚህ ጦርነት ውስጥ ለታሪካችን ዋና የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይነገር አንድ ነገር አለ፤ የኢጣልያ የጦር አዛዦች የኢትዮጵያን የሬዲዮ ቴሌግራም እየጠለፉ ያነቡ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ሠፈር ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ቃል፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ቢላክም፣ ተቀባይ መሣሪያ ያለው ሁሉ ይሰማው ዘንድ በአየር ላይ የተበተነ ነበረ። በሬዲዮ የተለቀቀ ቃል ከተናጋሪው አፍ ከወጣ በኋላ የተናጋሪው ብቻ ሆኖ የማይቀር መሆኑን ኢትዮጵያውያን በደማቸው ተማሩት፤ ይህም ሕግ ከዘጠና ዓመት በኋላ ለምንነግረው ነገር ሁሉ መሠረት ነው።

ወረራው በሰፈነ ጊዜ ጎጃም በአርበኞቹ እጅ ዱር ሆኖ ቆየ። በምዕራቡ ወገን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የየራሳቸውን ጦር ይዘው ጠላትን ሲያስጨንቁ፣ የኢጣልያ አይሮፕላን ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጢስ የሚጨስበት ምድጃ ይዳፈን፣ ከብቱም ሰዉም ከዛፍ ጥላ ሥር ይገባ ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ በእግር ወደ ጎጃም ገባ፤ በኅዳር 1933 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው የእንግሊዝ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከሱዳን በአይሮፕላን ተነሥቶ ፋግታ አጠገብ በተደለደለ ሜዳ ላይ አረፈና ከሳንድፎርድ ጋር ተማከረ። ከዚያ ወዲህ በጎጃም ሰማይ ላይ የጠላት ብቻ ሳይሆን የወዳጅም ክንፍ መታየት ስለ ጀመረ፣ ጆሮ ከሩቅ የሰማውን ሁሉ እንደ ጠላት መቍጠር ቀረ፤ ድምፁን ከድምፅ መለየት ግድ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የአገራቸውን ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፣ የጌዴዎን ጦር የተባለው ጥቂት ሠራዊት በየካቲት ወር ቡሬን ለማስለቀቅ ሲዋጋ፣ ከዚያም በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገፋ፣ ከታች ያለው ገበሬ «የእኛ ነው ወይስ የእነርሱ?» እያለ ወደ ሰማይ ይመለከት ነበር። በቂ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ ግን በእጁ አልነበረም።

ይህንኑ ጥያቄ በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ ያሉ ሊቃውንት በሌላ መንገድ ይጠይቁት ነበር። የእንግሊዝ መሐንዲስ ሮበርት ዋትሰን ዋት የሬዲዮ ሞገድ ከአይሮፕላን ላይ ነጥሮ እንደሚመለስ በ1927 ዓ.ም. በተግባር ካሳየ በኋላ፣ ራዳር የተባለው መሣሪያ የአንድን አይሮፕላን መምጣት ከሩቅ ለማወቅ አስችሎ ነበር። ራዳር ግን መምጣቱን እንጂ ማንነቱን አይለይም፤ ከዚህም ጉድለት የተነሣ ጳጉሜን 1 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በታወጀ በሦስተኛው ቀን፣ የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላኖች የራሳቸውን ወገን ጠላት መስሏቸው ሁለቱን መትተው ጣሉ። እንዲህ ያለውን ጥፋት ለመከላከል የተሠራው መድኃኒት በአይሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከምድር የመጣውን የራዳር ጥያቄ ሰምቶ «ወዳጅ ነኝ» ብሎ የሚመልስ ትንሽ ሬዲዮ ነበር። ትራንስፖንደር የተባለው የዛሬው መላሽ ሬዲዮ ከዚያ የተወለደ ነው። የጎጃም ገበሬ በጆሮው ሲፈልገው የነበረውን መልስ፣ አይሮፕላኑ ራሱ በሬዲዮ ልሳን እንዲናገረው ተደረገ ማለት ነው።

ሰላም በሆነ ጊዜ ይኸው የጦር መሣሪያ ለሰላማዊ በረራ ተሸጋገረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ባደረገባቸው ዓመታት የዓለም ሰማይ ገና ባዶ ነበር፤ መንገዱ እየተጨናነቀ በሄደ ቁጥር ግን ለእያንዳንዱ አይሮፕላን ከዜሮ እስከ ሰባት ባሉት አኃዞች የተጻፈ፣ አራት ቤት ያለው ቍጥር ተሰጠ። ከእነዚህም ቍጥሮች ሦስቱ ለጭንቅ ሰዓት ተለዩ፤ 7700 አደጋ ሲደርስ፣ 7600 የንግግር ሬዲዮ ሲበላሽ፣ 7500 ደግሞ አይሮፕላኑ ሲጠለፍ የሚነገሩ ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በአገራችን የጦርነት ወላፈን በነካው ስፍራ የሚኖረው ሕዝብ ያለ ጆሮው ሌላ ረዳት አላገኘም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በትግራይ በሐውዜን ከተማ ሕዝቡ ለገበያ በተሰበሰበበት ዕለት አይሮፕላኖች መጥተው በደበደቡት ጊዜ፣ በሰማይ ላይ ያለው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማወቁ ግን ከሞት አላዳነውም። ማንነትን ማወቅ የፍርድ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ነሐሴ 26 ቀን 1975 ዓ.ም. ከመንገዱ የሳተ አንድ የደቡብ ኮርያ የመንገደኞች አይሮፕላን በሶቪየት ኅብረት ተዋጊ ተመትቶ 269 ነፍስ ጠፋ። ያ ሐዘን የአሜሪካ መንግሥት ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለውን፣ በሳተላይት የሚመራውን የአቅጣጫ ማወቂያ ዘዴ ለዓለም ሕዝብ በነጻ ለመክፈት ቃል እንዲገባ አደረገው። አይሮፕላን ያለበትን ስፍራ ከሳተላይት ማወቅ ከቻለ ደግሞ፣ ያወቀውን ለሌሎች መንገር ቀላል ሆነ፤ ኤ.ዲ.ኤስ.-ቢ የተባለው ሥርዓት የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት አይሮፕላኑ ጠያቂ ሳይጠብቅ፣ በ1090 ሜጋኸርትዝ ሞገድ፣ ያለበትን ስፍራ በየሰከንዱ ሁለት ጊዜ ያህል፣ ከዚያም ጋር ከፍታውን፣ ፍጥነቱንና መጠሪያውን ያውጃል። ቃሉ አልተመሰጠረም፤ አንቴና የተከለ ሁሉ ይሰማዋል። ለእያንዳንዱ አይሮፕላን የሚሰጠው የማንነት ቍጥር በጠቅላላው 16,777,216 ከሚሆኑት አድራሻዎች አንዱ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ለኢትዮጵያ የደረሷት 4,096 ናቸው፤ በስድስት ምልክት ሲጻፉም ሁሉም በ040 ይጀምራሉ። ስለዚህ በካርታው ላይ በ040 የሚጀምር ቍጥር ያየ ሰው፣ የሰንደቅ ዓላማችን ልጅ በሰማይ ላይ መሆኑን ያውቃል።

አይሮፕላን መቍጠርን ደስታቸው ያደረጉ ሰዎች ግን ከዚህ ሥርዓት አስቀድመው የነበሩ ናቸው። በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ አገር በአይሮፕላን ማረፊያ አጥር አጠገብ ቆመው፣ በመነጽር እያዩ፣ በጅራቱ ላይ የተጻፈውን ቍጥር በደብተር የሚመዘግቡ ሰዎች ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ፣ እንደ አንድ የዜና መዋዕል ጸሐፊ በትዕግሥት ይሠሩት ነበር። ሥራው ከመከራ ነጻ አልነበረም፤ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. በግሪክ አገር በካላማታ የጦር አይሮፕላን ማረፊያ 12 እንግሊዛውያንና 2 ኔዘርላንዳውያን በስለላ ተጠርጥረው ታሰሩ፤ በሚያዝያ ተፈረደባቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን በይግባኝ ነጻ ወጡ። የአንዱ አገር ሰው እንደ ንጹሕ መዝናኛ የሚያየውን፣ የሌላው አገር ወታደር እንደ ክፉ ዓይን ሊያየው እንደሚችል የካላማታ ፍርድ ቤት አሳየ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የአይሮፕላንን ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ለተራ ሰው መሸጥ ጀመረ። በዚያው ጊዜ ሁለት ስዊድናውያን ፍላይትራዳር24 የተባለውን የካርታ አገልግሎት መሠረቱ፤ በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ በዘጋ ጊዜ፣ ባዶውን ካርታ ለማየት በተጣደፈው ሕዝብ ምክንያት ስሙ በዓለም ተሰማ። ሆኖም ታላቁ ለውጥ የመጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ቴሌቪዥንን በኮምፒውተር ለማየት ተብሎ የተሠራ፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ርካሽ ዕቃ፣ ፕሮግራሙ ሲለወጥለት ሌላውንም የሬዲዮ ሞገድ ሁሉ መስማት የሚችል ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውም 20 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ቀድሞ የመንግሥታት ሀብት የነበረው የሰማይ ጆሮ በአንድ የተማሪ ክፍል መስኮት ላይ የሚሰቀል ሆነ። ከዚያም በጎ ፈቃደኞች መሣሪያዎቻቸውን በኢንተርኔት አገናኝተው አንድ ታላቅ ጆሮ አደረጉት። የንግድ አገልግሎቶች በባለቤቶች ጥያቄ አንዳንድ አይሮፕላኖችን ከካርታቸው ሲሰውሩ፣ ኤዲኤስቢ ኤክስቼንጅ የተባለው የፈቃደኞች ስብስብ የደረሰውን ምልክት ሳይሸሽግ ማሳየትን ሕጉ አደረገ፤ የጦር አይሮፕላን ተከታታዮችም በእርሱ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

የጦር አይሮፕላን ሁሉ ስፍራውን አያውጅም፤ ብዙዎቹ ማንነታቸውን ብቻ ተናግረው ያሉበትን ይሰውራሉ። ተከታታዮቹ ግን ለዚህም ዘዴ አገኙ። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ 300 ሜትር ይጓዛልና፣ አንዱን ምልክት በተለያየ ስፍራ የቆሙ አራት መሣሪያዎች ቢሰሙት፣ በሰሙበት ሰዓት መካከል ያለውን እጅግ ቀጭን ልዩነት በማስላት አይሮፕላኑ የት እንዳለ ማውጣት ይቻላል። ይህን ስሌት የተመለከተ ሰው፣ አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ከፀሐይና ከጨረቃ ጉዞ ልዩነት የትንሣኤን ዕለት የሚያወጡበትን ትዕግሥት ያስታውሳል፤ በሁለቱም ዘንድ ጥቃቅኑ ልዩነት ሲደመር የተሰወረውን ይገልጣልና። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የምዕራብ መንግሥታት ሊቢያን በአየር መምታት በጀመሩ ጊዜ፣ በኔዘርላንድስ የሚኖር አንድ የሬዲዮ ወዳጅ ወደ ትሪፖሊ የሚጓዙትን የጦር አይሮፕላኖች ምልክት እየመዘገበ ለሕዝብ ነገረ፤ ከቤቱ ያልወጣ ሰው የጦርነትን ውሎ የሚጽፍበት ዘመን መጣ።

ይህ ጥበብ የኢትዮጵያን ስም የነካው ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮማ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 702፣ 202 ሰዎችን እንደ ጫነ፣ በሱዳን ሰማይ ላይ ሳለ 7500 የሚለውን የጠለፋ ቍጥር ማወጅ ጀመረ። ረዳት አብራሪው ዋናውን አብራሪ ከውጭ ቈልፎበት አይሮፕላኑን ወደ ጄኔቫ ይመራ ነበር። ምልክቱን የያዙት ተመልካቾች በየአገሩ ሆነው ጉዞውን በካርታ ላይ ተከታተሉት፤ የኢጣልያና የፈረንሳይ ተዋጊ አይሮፕላኖች እየተቀባበሉ አጀቡት፤ የስዊስ አየር ኃይል ግን በዚያን ዘመን በሥራ ሰዓት ብቻ ያገለግል ስለ ነበረ በዚያ ማለዳ አልተነሣም። መንገደኞቹ በሰላም ወረዱ። በስሙ ምትክ ጭንቀቱን የተናገረ አይሮፕላን በሺሕ በሚቈጠሩ የማያውቃቸው ሰዎች ዓይን ታጅቦ እንዳረፈ፣ ያ ሌሊት ምስክር ነው።

ከዚያ የከበደው ሐዘን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደረሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጧት ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ በቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ነፍሳት ሁሉ አለፉ። በምድር ላይ ያሉ ተቀባይ መሣሪያዎች የሰሙት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ያህል ብቻ ነበር፤ እነዚያ ደቂቃዎች ግን የአይሮፕላኑ መውጣትና መውረድ ያልተረጋጋ እንደ ነበረ በዚያው ዕለት ለዓለም አሳዩ። ከምድር የተሰወረውን ቀሪውን ጉዞ ከላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰምተውት ነበር። ይህ መዝገብ አምስት ወር ካልሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ ከወደቀው ተመሳሳይ አይሮፕላን መዝገብ ጋር በተነጻጸረ ጊዜ ሁለቱ እጅግ ተመሳሰሉ፤ በመጋቢት 4 ቀን የካናዳና የአሜሪካ መንግሥታት ያን ዓይነት አይሮፕላን ከበረራ ያገዱት ይህን ማስረጃ ጠቅሰው ነው። ጥቁሩ ሣጥን ገና ሳይነበብ፣ ሟቾቹም ገና ሳይቀበሩ፣ አይሮፕላኑ በመጨረሻ ትንፋሹ የተናገረው ቃል በሌላ ሰማይ ላይ ያሉትን መንገደኞች ጠበቀ። የዚህን ምልክት ጥቅም ለመንገር ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም፤ በእነዚያ 157 ሰዎች ሞት የተገዛ ነውና በአክብሮት ልንናገረው ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ሰማያችን ዳግመኛ የጦርነት ሰማይ ሆነ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከዓባይ ግድብ በላይ ማናቸውም በረራ እንዳይደረግ መከልከሉን ገለጠ፤ ምክንያቱም የግድቡ ጸጥታ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ በነሐሴ ቤሊንግካት የተባለው የመርማሪዎች ቡድን ከሳተላይት በተነሡ ሥዕሎች በሰመራ አይሮፕላን ማረፊያ ስለ ታዩ ሰው አልባ አይሮፕላኖች ጽሑፍ አወጣ። የአይሮፕላን ተከታታዮችም በፊናቸው ግዙፍ የጭነት አይሮፕላኖች ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ መዘገቡ፤ አልጀዚራ ከመስከረም እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ90 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ በረራዎች መደረጋቸውን፣ ከእነዚህም ውስጥ አንዳንዶቹ የተነሡበትን ወይም ያረፉበትን ስፍራ ሆነ ብለው መሰወራቸውን ዘገበ። ከበረራዎቹ መዳረሻዎች መካከል በቢሾፍቱ የሚገኘው የሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ሠፈር አንዱ ነበር።

በዚህ ስፍራ ቆም ብለን የተከታታዩን ሥራ ወሰን ማስተዋል ያስፈልገናል። ምልክቱ መንገዱን ይናገራል እንጂ ጭነቱን አይናገርም፤ የመነሻውን ሰዓት ይገልጣል እንጂ የላኪውን ሐሳብ አይገልጥም። አይሮፕላኑ ዱቄት ይጫን ወይም ጥይት፣ በ1090 ሜጋኸርትዝ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሐቀኛው ተከታታይ «ይህ አይሮፕላን በዚህ ቀን ከዚህ ተነሥቶ ወደዚህ አለፈ» ብሎ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን በሳተላይት ሥዕል፣ በሰነድና በሰው ቃል መርምሮ ለሚያረጋግጥ ሰው ይተዋል። በአገራችን የፍርድ ልማድ ምስክር ያየውን እንጂ የገመተውን እንዳይናገር እንደሚታዘዘው ሁሉ፣ የሰማይ ምስክርም ለዚሁ ሥርዓት ይገዛል። በዚያ የጦርነት ዘመን በሁለቱም ወገን የምልክቱን ካርታ እያነሡ ያልተጻፈበትን ያነበቡ ሰዎች ነበሩ፤ ይህም እውነቱን ከመጥቀም ይልቅ አቈሰለው።

ዓለም በዚያን ጊዜ ይህን ጥበብ በሰፊው ለምዶት ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወደ ታይዋን የተጓዙበትን የአየር ኃይል አይሮፕላን 2.9 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች በፍላይትራዳር24 ካርታ ተከታተሉት። አንድ የጦር አይሮፕላን በዚህ ያህል ሕዝብ ዓይን ሥር ሲበር ታሪክ ከዚያ በፊት አላየም።

ከዓመት በኋላ ግን የእኛ አገር ሰማይ ሌላውን ፊቱን አሳየ። በአማራ ክልል ግጭት ተቀጣጥሎ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በሞባይል የሚሠራው ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን፣ ስሟ በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት በሆነችው በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ የሰው አልባ አይሮፕላን ነው በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊን ቃል የጠቀሱ የዜና ወኪሎች ዘገቡ። ከሽንዲ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው መንገድ የአንድ አገር ሰዎች የገበያና የለቅሶ መንገድ ስለ ሆነ፣ ሐዘኑ በአንዲት ከተማ ብቻ አልቀረም።

በዚህ ዕለት ያ የብዙ ዓመት ጥበብ ሁሉ የት ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚያሳዝን ነው። ለውጊያ የተሰማራ ሰው አልባ አይሮፕላን ብዙውን ጊዜ ለሕዝብ ጆሮ ስሙን አያውጅም፤ የማይናገረውን ደግሞ የትኛውም አንቴና አይሰማውም። መሣሪያ የጫነው ታላቅ አይሮፕላን ዓለም አቀፍ የአየር መንገዶችን ሲያቋርጥ ከሌሎች ጋር እንዳይጋጭ ስሙን መናገር ግዴታው ይሆናል፤ መሣሪያው ሥራውን በሚሠራበት ሰዓት ግን ዝም ይላል። አመጣጡ ይሰማል፤ ግብሩ አይሰማም። ከዚህም በላይ የሬዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚበረውን አይሮፕላን ከ400 ኪሎ ሜትር ርቀት መስማት ሲቻል፣ ዝቅ ብሎ የሚበረውን የምድር ክብነትና እንደ ጮቄ ያለ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ይጋርዱታል፤ በአውሮፓ በየቀበሌው የተተከለው ተቀባይ መሣሪያም በእኛ አገር እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነገሩ ፍጹም ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ካርታው በእጁ ያለው ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ ሰማዩን አያይም፣ ሰማዩ በራሱ ላይ ያለው የሽንዲ ሰው ደግሞ ካርታውን አያገኝም።

መንግሥታት የጦር አይሮፕላን ጉዞ በይፋ መታየቱን የሚቃወሙበት ምክንያት ከንቱ አይደለም፤ አብራሪውም የእናት ልጅ ነው፣ ያለበት ስፍራ ለገዳዩ እንዲነገር ማንም ቅን ሰው አይወድም። ስለዚህ የተከታታይ ሕሊና የሚፈተነው ምን ይሰማል በሚለው ሳይሆን፣ የሰማውን መቼና ለማን ይናገራል በሚለው ነው። የጦርነትን ዕለት የነፍስ ማጥፊያ መረጃ ለመስጠት ሳይሆን፣ ካለፈ በኋላ የሆነውን በእውነት ለመጻፍ መዝገብ መያዝ ግን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ሥራ ነው። አባቶቻችን የነገሥታቱን ዘመቻ ዕለት በዕለት የጻፉት፣ ከወዴት ተነሥተው በየት እንዳደሩ የመዘገቡት፣ ትውልድ የሆነውን ሳያውቅ እንዳይፈርድ ነበር። ዛሬ የሰማይን መንገድ ዕለት በዕለት የሚመዘግበው ሰው በአገሩ ቋንቋ ቢጠራ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ባይባል እንኳ የዜና መዋዕል ጸሐፊ መባል ይገባዋል።

እንግዲህ ስሙን የሚናገረው አይሮፕላን የራሱን መዝገብ በራሱ ቃል ይጽፋል፤ መሣሪያውም ይጠብቅለታል። ስሙን የሚሰውረው አይሮፕላን ግን ከታች ካለው ሰው በቀር ሌላ ጸሐፊ የለውም። በ1933 ዓ.ም. በቡሬና በፋግታ ዱር «የእኛ ነው ወይስ የእነርሱ?» እያለ ያዳምጥ የነበረው ጆሮ ዘመኑ ያለፈ መስሎን ነበር፤ አላለፈም። ድምፁ የተሰማበት ዕለትና ሰዓት፣ የመጣበትና የሄደበት አቅጣጫ፣ በዚያም ስፍራ የነበሩት ሰዎች ስም፣ ጨረቃን ለመቍጠር ብራናና ቀለም በለመደ አገር ውስጥ ሊጻፉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በሽንዲ አንዲት እናት በሌሊት ድምፅ ሰምታ ከደጇ ወጥታ ብትቆም፣ ሰዓቱንም ለልጇ ብትነግረው፣ ልጇም በደብተሩ ጥግ ላይ ቢጽፈው፣ በመላው ዓለም የተዘረጋው የአንቴና መረብ ሊጽፈው ያልቻለውን መስመር እነርሱ ጽፈውታል።